ጥያቄና መልስ፦ «ደብዳቤዬን የሚያነበው ሰው አለ?»

ባለፈው እትም «ስለ ሥራ ማመልከቻ ደብዳቤ የሚያስጨንቃችሁን ጻፉልኝ» ብዬ ነበር። ጻፋችሁልኝ፣ ያውም ከጠበቅኩት በላይ። የሚመሳሰሉትን ሰብስቤ ጥቂቱን መርጫለሁ። አንዷ አንባቢ ግን ደብዳቤዋን ካመለከተችበት ማስታወቂያ ጋር ስለላከችልኝ አብዛኛውን ገጽ እሷ ወስዳዋለች። ሌሎቻችሁ አትቀየሙኝ። የእሷን ስታነቡ የራሳችሁንም ታገኙበታላችሁ።

ይህን አምድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምታነቡ፦ ብዙ ዓመት ቅጥር ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የሰው ማመልከቻ ሳነብ ኖሬአለሁ። የምነግራችሁ ከዚያኛው ወንበር ያየሁትን ነው።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ እህታችን። በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ። በአንድ የሕክምና ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት 3 ዓመት ሠርቻለሁ። ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ያላመለከትኩበት ቦታ የለም። ለፈተና እንኳን የጠራኝ የለም። ሲቪዬን ያሳየኋቸው ሰዎች ጥሩ ነው ይሉኛል። ችግሩ ደብዳቤው ይሆን? ለመሆኑ ደብዳቤ የሚያነብ ሰው አለ? መጨረሻ ያመለከትኩበትን ማስታወቂያና ደብዳቤዬን አያይዣለሁ። እባክሽ አትሳቂብኝ።»
የሂሳብ ሠራተኛዋ ነኝ

መልስ፦ አልሳቅኩብሽም የኔ እህት። ደብዳቤሽን ግን ገና ሳልከፍተው አውቀው ነበር። እስቲ አንባቢዎችም ይዩት፦

«ለሚመለከተው ሁሉ። ጉዳዩ፦ ሥራ ስለመጠየቅ። እኔ አመልካች ከላይ በርዕሱ በተጠቀሰው መሠረት በክቡር ድርጅታችሁ ባላችሁ ክፍት የሥራ ቦታ ተወዳድሬ ለመቀጠር በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ። ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የምችልና የሥራ ጫናን የምቋቋም ስሆን፣ ዕድሉ ቢሰጠኝ ያለኝን እውቀት ተጠቅሜ ድርጅቱን በቅንነት ለማገልገል ዝግጁ መሆኔን እገልጻለሁ። የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃዎቼን ከዚህ ማመልከቻ ጋር አያይዤ አቅርቤአለሁ። ለሚደረግልኝ ቀና ትብብር ሁሉ በቅድሚያ አመሰግናለሁ።»

ፊደል አልገደፍሽም። ጨዋነትም አልጎደለሽም። ግን እስቲ ይህንኑ ወረቀት ለሹፌር፣ ለነርስ፣ ለአትክልተኛ ስጪው። አንዲት ቃል ሳይነኩ ፈርመው ያስገቡታል። ለሁሉም ልክ የሆነ ልብስ ደግሞ ማንም ላይ አያምርም። ሂሳብ ሠራተኛ መሆንሽን እንኳን ለማወቅ ሲቪሽን መክፈት ነበረብኝ።

«የሚያነብ ሰው አለ ወይ?» ላልሽው፣ እውነቱን ልንገርሽ። አንዳንዱ ያነባል፣ አንዳንዱ አያነብም። አመልካች ሲበዛ መጀመሪያ የሚታየው ሲቪ ነው። መስፈርቱን ያላሟላው እዚያው ይወድቃል። ደብዳቤ ጉልበት የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ተመሳሳይ ዲግሪና ተመሳሳይ የሥራ ዘመን ያላቸው አሥር ሰዎች ጠረጴዛው ላይ ይቀራሉ እንበል። ለቃለ መጠይቅ የሚጠሩት ደግሞ አራት ናቸው። ያን ጊዜ ደብዳቤ ይነበባል። ያን ጊዜ «ታታሪ ነኝ» የሚለው ቃል ለመራጩ ምንም አይጠቅመውም። አሥሩም ታታሪ ነን ብለዋላ! «ሰነፍ ነኝ» ብሎ ያመለከተ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

አሁን ወደ ማስታወቂያው እንሂድ። ቀጣሪው የጻፈው ይህን ነው፦ «የወር ሂሳብ በወቅቱ የሚዘጋ፣ የባንክ ሂሳብ የሚያስታርቅ፣ ተሰብሳቢ ሂሳብን የሚከታተልና የሚያሳውቅ፣ በኤክሴል በደንብ መሥራት የሚችል።» (ሂሳብ ለማታውቁ፦ ወር መዝጋት የወሩን ሂሳብ አጠናቆ መጨረስ ነው፣ ማስታረቅ የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከር ነው፣ ተሰብሳቢ ሂሳብ ደግሞ ደንበኞች ያልከፈሉት ዕዳ ነው።)

እዚህ ላይ ቆም በይ። ማስታወቂያ የሚወጣው አንድ ቦታ ላይ አንድ ሰው ሥራ ስለከበደው ነው። «በወቅቱ» የምትለዋን ቃል ተመልከቺ። ሂሳቡ ሁልጊዜ በቀኑ የሚዘጋለት ኃላፊ ይህችን ቃል መጨመር ትዝም አይለው። «የሚከታተልና የሚያሳውቅ» ሲሉስ? ምናልባት ደንበኛ ጋ የቀረ ገንዘብ አለ፣ የቀረውም ምን ያህል እንደሆነ በጊዜ የሚነግራቸው የለም። እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ግን ራስ ምታታቸውን ራሳቸው ጽፈው ሰጥተውሻል። አንቺ ደግሞ ለዚህ ሁሉ መልስሽ «ክቡር ድርጅታችሁ» ሆነ።

ለዚህ ነው መልሼ የጻፍኩልሽ። ለአንባቢዎች ልንገራቸው፣ የጠየቅኳት ቀላል ነገር ነው። እዚያ ሥራ ስትገቢ ምን ነበር የተዝረከረከው? ስትወጪስ ምን ተስተካክሎ ነበር? ወር ለመዝጋት ስንት ቀን ይፈጅባችሁ ነበር? መልሷ ይኸው፦

«ስገባ የተሰብሳቢ ሂሳብ ዝርዝር የሚባል አልነበረም። ማን ምን ያህል እንዳለበት የሚያውቀው አንድ የሽያጭ ሠራተኛ ነበር፣ እሱም በቃሉ። እኔ ደንበኞቹን በሙሉ ኤክሴል ላይ መዘገብኩና ዕዳቸውን እስከ 30 ቀን፣ እስከ 60 ቀን፣ እስከ 90 ቀን፣ ከዚያ በላይ እያልኩ ለየሁት። ሰኞ ሰኞ ለሽያጭ ክፍል እልከው ነበር። ወር መዝጋት ደግሞ እስከ 15 ቀን ይፈጅ ነበር፣ ምክንያቱም ከባንክ ጋር የምናስታርቀው ወሩ ካለቀ በኋላ ነበር። በየሳምንቱ ማስታረቅ ስጀምር ወደ 6 ቀን ወረደ። ግን ይሄ እኮ መደበኛ ሥራዬ ነው። ይጻፋል እንዴ?»

ይጻፋል እንዴ አለችኝ! ታዲያ ምን ሊጻፍ ነው?

ይህን ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ። ሰው በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ሥራ አይመስለውም። «የሚጻፍ» የሚመስለው ሽልማት፣ የምስክር ወረቀት፣ ትልልቅ ቅጽል ነው። ከባንክ ጋር በየሳምንቱ ማስታረቅ የጀመረች ሴት ግን ለፋይናንስ ኃላፊ ከማንኛውም ቅጽል በላይ ትናገራለች። ተባብረን ያወጣነው ደብዳቤ ይኸው፦

«ለፋይናንስ ክፍል ኃላፊ
ጉዳዩ፦ ለሂሳብ ባለሙያ የሥራ መደብ ማመልከት

ያወጣችሁት ማስታወቂያ የወር ሂሳብ በወቅቱ የሚዘጋና ተሰብሳቢ ሂሳብን የሚከታተል ባለሙያ ይጠይቃል። በሕክምና ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ 3 ዓመት በዋናነት የሠራሁት እነዚህን ሁለት ሥራዎች ነው።

ሥራ ስጀምር ድርጅቱ የተሰብሳቢ ሂሳብ ዝርዝር አልነበረውም። የደንበኞችን ዕዳ በኤክሴል መዝግቤ እንደቆየበት ጊዜ እስከ 30፣ እስከ 60፣ እስከ 90 እና ከ90 ቀን በላይ ብዬ ለየሁት፣ በየሳምንቱም ለሽያጭ ክፍል አቀርብ ነበር። የባንክ ሂሳብ ማስታረቁንም በወር አንዴ መሆኑ ቀርቶ በየሳምንቱ እንዲሆን አደረግኩ። በዚህም ወር ለመዝጋት ይፈጅ የነበረው 15 ቀን ወደ 6 ቀን ወረደ።

ድርጅታችሁ ለቸርቻሪዎች በዱቤ እንደሚያከፋፍል አይቻለሁ። የቀድሞ መሥሪያ ቤቴም አሠራር ይኸው ስለነበር፣ ደንበኛና ደረሰኝ የበዛበት ሂሳብ አዲስ አይሆንብኝም። ሥራውን የለቀቅኩት በሠራተኛ ቅነሳ ሲሆን አሁን ወዲያውኑ መጀመር እችላለሁ።

ብትጠሩኝ የተሰብሳቢ ሂሳብ መከታተያውን ቅጽ፣ የደንበኛ ስምና መጠን ሳይኖርበት፣ ይዤ መጥቼ አሳያለሁ። ሲቪዬ ተያይዟል።

ከሰላምታ ጋር»

ከግማሽ ገጽ ብዙም አይበልጥም። ታታሪ የሚል ቃል የለበትም፣ ታታሪነቷ ግን ይታያል። ታማኝ የሚልም የለበትም። «የደንበኛ ስምና መጠን ሳይኖርበት» የምትለዋን ሐረግ ግን ልብ በሏት። የድሮ መሥሪያ ቤቷን ምስጢር ይዛ የማትዞር ሰው መሆኗን ኃላፊው ሳይነገረው ያያል። እኔ ብሆን እዚህች ሐረግ ላይ ስደርስ ስልኩን አነሳ ነበር።

ሌሎች ለውጦችንም ላስረዳ። «ለሚመለከተው ሁሉ» የወጣው ማንንም ስለማይመለከት ነው። የኃላፊውን ስም በትክክል ካወቃችሁ በስሙ ጻፉ። ደውሎ መጠየቅም ነውር የለውም። ካልተገኘ የሥራ መደቡ ይበቃል። ስም ተሳስቶ ከመጻፍ ግን መደቡን መጻፍ ይሻላል። ወንዱን «ወይዘሮ» ብለው የጻፉ አጋጥመውኛል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም በደግ ዓይን አያነበውም።

«ዕድሉ ቢሰጠኝ» እና «ለሚደረግልኝ ቀና ትብብር» የወጡት ደግሞ የምስኪን ድምፅ ስላላቸው ነው። ይህ የግሌ አስተያየት ነው፣ የማይስማማ ባልደረባ አለኝ። እሱ «ትሕትና ነው፣ ምን ይጎዳል?» ይላል። እኔ ግን ቀጣሪ ውለታ እየዋለልሽ ነው ብዬ አላምንም። እሱ ሥራ የሚሠራለት ሰው አጥቷል፣ አንቺ ሥራውን ታውቂዋለሽ። ትሕትናው በ«ከሰላምታ ጋር» እና በሥርዓት በመጻፍሽ ይታያል።

ሠራተኛ መቀነሱን በግማሽ ዓረፍተ ነገር መናገሩ ለምን አስፈለገ? አንባቢው ሲቪሽ ላይ የወጣሽበትን ቀን ያያል። «ለምን ወጣች?» ማለቱ አይቀርም። መልሱ ንጹሕ ሲሆን ቶሎ ብሎ መንገር ነው። የድሮ አለቃን ማማት ግን በምንም ዓይነት አይገባም፣ እውነት ቢሆንም።

አንድ ታሪክ ልጨምር፣ እወደዋለሁ። ሌኦናርዶ ዳ ቪንቺ በ1482 ገደማ፣ 30 ዓመት ሲሞላው አካባቢ፣ የሚላኖ ገዥ ለነበረው ለሉዶቪኮ ስፎርዛ የሥራ ደብዳቤ አዘጋጅቶ ነበር። ረቂቁ ዛሬም ሚላኖ ውስጥ ተቀምጧል። ዛሬ ዓለም በሠዓሊነቱ የሚያውቀው ይህ ሰው ስለ ሥዕል የጻፈው መጨረሻ አካባቢ ነው፣ ያውም ባጭሩ። አብዛኛው ደብዳቤ ቀላልና ተንቀሳቃሽ ድልድይ፣ ምሽግ ሲከበብ ውኃውን ማድረቂያ ዘዴ፣ መድፍ፣ የተሸፈነ የጦር ሠረገላ ነው። ለምን? ሉዶቪኮን የሚያሳስበው ጦርነት ነበራ። ሌኦናርዶ የጻፈው እሱ የሚወደውን ሳይሆን ሰውዬው የሚፈልገውን ነው። ሲጨርስ ደግሞ «ከዚህ ውስጥ አይቻልም የሚባል ካለ በፈለጉበት ቦታ ሞክሬ ላሳይ» የሚል ሐሳብ አለበት። የኛዋ ሂሳብ ሠራተኛ «ይዤ መጥቼ አሳያለሁ» ያለችውም ያንኑ ነው። (ዝርዝሩ ግን ረዘም ይላል። እሱ ሌኦናርዶ ስለሆነ እንለፈው።)

አሁን «ለእያንዳንዱ ቦታ እንዲህ ልጻፍ?» ትይኝ ይሆናል። አዎ። ግን ሁሉን ከዜሮ አትጀምሪም። መካከለኛው አንቀጽ፣ የሠራሽው ሥራ፣ ብዙ አይቀየርም። የመጀመሪያውና ሦስተኛው ግን በየማስታወቂያው ይቀየራሉ። ብዙ ቦታ አንድ ወረቀት ከመበተን ጥቂት ቦታ መርጦ መጻፍ ይሻላል ባይ ነኝ። ስትቀይሪ ግን አደራ፣ የሌላ ድርጅት ስም ወረቀቱ ውስጥ እንዳይቀር። ይህ በጣም የተለመደ ነው። «የእናንተን ድርጅት ሁልጊዜ አደንቃለሁ» ተብሎ የተጠራው የተፎካካሪው ስም ሲሆን ክፍሉ በሙሉ ተሰብስቦ ነው የሚስቀው።

ጥያቄ፦ «እንደምን ነሽ ልጄ። ዕድሜዬ 51 ነው። በመጋዘን ኃላፊነት ከ20 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። እናቴ አልጋ ስትይዝ ሥራዬን ለቅቄ 4 ዓመት አስታመምኳት። አሁን አርፋለች። ሲቪዬ ላይ ያ 4 ዓመት ባዶ ነው። ደብዳቤው ላይ ላንሳው ወይስ ዝም ልበል? ዕድሜዬንስ ልጻፍ?»
የመጋዘን ሰው

መልስ፦ ነፍስ ይማር ጋሼ። እግዜር ያጽናዎት።

ያንሱት። ባዶ ቦታ ባዶ ሆኖ አይቀርም፣ የሚያነበው ሰው በራሱ ግምት ይሞላዋል። የሰው ግምት ደግሞ ደግ አይደለም። «ተባርሮ ይሆን?» ነው የሚለው። ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፣ ቦታውም መጀመሪያ ላይ አይደለም። ሥራዎን ከተናገሩ በኋላ እንዲህ ይበሉ፦ «ላለፉት 4 ዓመታት የታመሙ ወላጄን ለማስታመም ከሥራ ውጭ ነበርኩ። አሁን ሙሉ ጊዜዬን ለሥራ መስጠት እችላለሁ።» የሕመሙን ዓይነት፣ የደረሰብዎትን ችግር አይዘርዝሩ። ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያዋ ትበልጣለች፣ ቀጣሪው ማወቅ የሚፈልገው እሷን ነው።

ዕድሜዎን ማስታወቂያው ካልጠየቀ አይጻፉ። ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ 20 ዓመቱ ነው። የላኩልኝ ረቂቅ ላይ የሠሩበትን ቦታ በሙሉ በቅደም ተከተል ተርከውታል። ያ የሲቪ ሥራ ነው። ለደብዳቤው ሁለት ነገር ይምረጡ። ረቂቁ መጨረሻ ላይ፣ ተደብቆ፣ «የመጠቀሚያ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ዕቃ ቀድሞ እንዲወጣ መደርደሪያውን አዘዋወርኩ፣ ጊዜ አልፎበት የሚወገድ ዕቃም ቀነሰ» የሚል አለ። ጋሼ፣ ይህን ወደ ላይ ያውጡት! በቆጠራ ጊዜ መዝገቡና መደርደሪያው ስለመስማማቱም የሚሉት ካለ ይጨምሩ። በነዚህ 4 ዓመታት የመጋዘን ሶፍትዌር ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል፣ አጭር ሥልጠና ቢወስዱና በአንድ መስመር ቢጠቅሱት «ሰውዬው ኋላ ቀርቷል» የሚለውን ሐሜት ይዘጋል።

ጥያቄ፦ «ዘንድሮ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመረቅኩ። ማስታወቂያው ሁሉ 2 ዓመት ልምድ ይላል። ልምድ የሌለው ሰው ምን ብሎ ይጻፍ?»
አዲስ ምሩቅ

መልስ፦ መጀመሪያ «ምንም እንኳን የሥራ ልምድ ባይኖረኝም» የምትለዋን ሰርዛት። የላክልኝ ደብዳቤ የሚጀምረው በእሷ ነው። ጉድለትህን ሰው ሳይጠይቅህ ለምን በበሩ ላይ ትለጥፋለህ? የተመረቅክበትን ዓመት አይቶ ራሱ ይደርስበታል።

ቀጥሎ «የመመረቂያ ፕሮጀክታችን ለትምህርት ክፍሉ ቤተ መጻሕፍት የመጽሐፍ ማዋሻ ሲስተም መሥራት ነበር» ብለሃል። ጥሩ። ግን «ሠራን»፣ «አቀረብን»፣ «ሞከርን» ነው የምትለው። አራት ልጆች ከነበራችሁ አራታችሁም ይህንኑ ትጽፋላችሁ። ማን ምን ሠራ? መልሰህ ስትጽፍልኝ ዳታቤዙን የሠራኸው አንተ መሆንህን ነገርከኝ። አንድ መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት ሰው ሲመዘገብ ያየኸውን ስህተት እንዴት እንዳስተካከልክም ነገርከኝ። እሱን ጻፍ እንጂ! ችግሩን፣ ያደረግከውን፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን። ሦስት ዓረፍተ ነገር። ፕሮግራሙን የሚያይበት ሊንክ ካለህ ጨምር፣ ከመላክህ በፊት ግን መከፈቱን በሌላ ሰው ስልክ አረጋግጥ።

2 ዓመት የሚል ማስታወቂያ ላይ አመልክት ወይ? ሌላውን መስፈርት ካሟላህ አመልክት። አንዳንዱ ቦታ መስፈርቱን አይለውጥም፣ ይጥልሃል፣ ምንም አይደለም። አንዳንዱ ግን 2 ዓመት ሲል «ከባዶ እንዳላስተምረው» ማለቱ ነው። ቡድን መሪ፣ 8 ዓመት የሚለውን ግን ተወው፣ ጊዜህን አትፍጅ።

ጥያቄ፦ «ደብዳቤውን በቻትጂፒቲ ባጽፈው ይታወቅብኛል?»
ቸኩያለሁ

መልስ፦ ማሽን እንደጻፈው በእርግጠኝነት መናገር ይከብዳል። ማንም የጻፈው እንደማይመስል ግን ቶሎ ይታወቃል። ማስታወቂያውን ብቻ ሰጥተህ «ደብዳቤ ጻፍልኝ» ካልከው፣ ያንኑ ማስታወቂያ የሰጡት ሌሎች አመልካቾችም ተቀራራቢ ነገር ነው የሚያገኙት። «ተለዋዋጭ በሆነው የሥራ ዓለም ውስጥ ያለኝን ጥልቅ ፍላጎት» ምናምን። ከላይ ያየነው «በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ» አዲስ ኮት ለብሶ መጣ ማለት ነው።

የባሰው ደግሞ ያልሠራኸውን ሊጨምርልህ ይችላል። «የ5 ሰዎች ቡድን መርቻለሁ» ብሎ ይጽፍልሃል፣ አንተ ሳታነብ ትልከዋለህ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ቡድኑ ትጠየቃለህ። እኔ በዚህ መንገድ ነው የምጠቀመው፦ የራስህን ጨርሰህ ጻፍና «የፊደል ስህተትና የተደጋገመ ሐሳብ አሳየኝ፣ ምንም አትጨምር» በለው። ከዚያ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው። ስታነበው ምላስህን ያሰረህ ዓረፍተ ነገር ካለ ያንተ አይደለም።

ጥያቄ፦ «ደብዳቤው ኢሜሉ ላይ ነው የሚጻፈው ወይስ ተያይዞ ነው የሚላከው? በኦንላይን ቅጽ ሲሆንስ?»

መልስ፦ ማስታወቂያው የነገረሽን አድርጊ። ምንም ካላለ ደብዳቤውን በፒዲኤፍ አያይዢው፣ በዎርድ ከላክሽው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ሊበታተን ይችላል። ኢሜሉ ላይ ሦስት መስመር ይበቃል፦ ለየትኛው መደብ እንደምታመለክቺ፣ ከልምድሽ አንድ ጠንካራ ነገር፣ ምን እንዳያያዝሽ። የኢሜሉ ርዕስ ላይ የመደቡን ስምና የማስታወቂያውን ቁጥር ጻፊ። ፋይሉን «የመጨረሻ 3 አዲስ» ብለሽ አትላኪው፣ ስምሽና የመደቡ ስም ይሁን። ማያያዝሽንም አረጋግጪ። «አያይዣለሁ» ብሎ ያላያያዘ ስንቱ አለ መሰለሽ!

ኦንላይን ሲሆን አንዳንድ ትልልቅ ድርጅቶች ማመልከቻን በሶፍትዌር ይለያሉ። ስለዚህ የማስታወቂያውን ቃል እንዳለ ተጠቀሚ። እነሱ «የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ» ካሉ አንቺ «ባንክ ነክ ሥራዎች» አትበይ። የማታውቂውን ቃል ግን ለማሽኑ ብለሽ አትደርድሪ፣ ከማሽኑ ጀርባ ሰው አለ።

ጥያቄ፦ «የምፈልገውን ደመወዝ ደብዳቤው ላይ ልጻፍ?»

መልስ፦ ካልጠየቁ አትጻፍ። ከጠየቁ ጻፍ፣ ከዚህ እስከዚህ ብለህ። «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ማለትም ይቻላል፣ ግን ቁጥር ጻፉ ብለው ለጠየቁህ ሰዎች ይህን ስትመልስ ጥያቄውን እንዳለፍክ ነው የሚቆጠረው።

ጥያቄ፦ «ካመለከትኩ 2 ሳምንት ሆነኝ። ዝም ብለዋል። ልደውል ወይስ ይሰለቹኛል?»
ስልኬን እያየሁ ነው

መልስ፦ ማስታወቂያው «ለቃለ መጠይቅ ያለፉትን ብቻ እንጠራለን» ወይም «አትደውሉ» ካለ አትደውዪ። እንዲህ ካላለና የማመልከቻው ቀን ካለፈ ሳምንት ከሆነው አንድ ኢሜል ላኪ። «ለምን ዝም አላችሁኝ» የሚል ድምፅ አይኑርበት። ይህን ያህል በቂ ነው፦ «ለሂሳብ ባለሙያ መደብ ማመልከቻዬን ባለፈው ወር 12 ቀን ልኬ ነበር። ምርጫው የደረሰበትን ደረጃ ብታሳውቁኝ ደስ ይለኛል። ተጨማሪ ማስረጃ ካስፈለገም በዚሁ አድራሻ እገኛለሁ።» ያንኑ ኢሜል ተከትለሽ መልሺ፣ የድሮው ማመልከቻሽ ከሥሩ እንዲታያቸው። ለእሱም ካልመለሱ ተያቸውና ወደሚቀጥለው ማስታወቂያ እለፊ። ከዚያ በፊት ግን የላክሽውን ደብዳቤ ክፈቺና የስልክ ቁጥርሽን አንድ በአንድ እያነበብሽ አረጋግጪ። አንድ አኃዝ የተሳሳተባቸውንና እኛ ደውለን ያላገኘናቸውን ሰዎች አውቃለሁ።